በየቀኑ 50 ደቂቃ

ግራ እግሬ ወጣ። ቡትሱ ግን አልወጣም።

የባሕር ዳር ረግረግ ጭቃ ውስጥ እንደተተከለ ቀረ። እኔ በካልሲ፣ አንድ እግሬን አንጠልጥዬ፣ እጆቼን ዘርግቼ እወዛወዛለሁ። ደግነቱ የሚያየኝ ሰው አልነበረም። ራቅ ብሎ ውሃ ውስጥ ቆሞ አሣ የሚጠብቅ አንድ ቅልጥመ ረጅም ወፍ ብቻ ነበር። እሱም አንዴ ገልመጥ አድርጎኝ ወደ ሥራው ተመለሰ።

እግሬን መልሼ ያሳረፍኩበት ቦታ ከመጀመሪያው የባሰ ሆኖ እስከ ጉልበቴ ዋጠኝ። «ከድጡ ወደ ማጡ» የሚለውን አባባል ዕድሜ ልኬን ስጠቀምበት ኖሬያለሁ። የገባኝ ግን ያን ዕለት ነው።

ያስፈራኝ ጭቃው አይደለም። ከኋላዬ ያለው ቦይ ነው። ከሩብ ሰዓት በፊት ስሻገረው ቁርጭምጭሚቴን ነበር የነካኝ። ዞር ብዬ ሳየው በእጥፍ ሰፍቷል። ድምፅ የለውም። አይጋፋም፣ አይናወጥም። ዝም ብሎ ከፍ ይላል።

ጥፋቱ የራሴ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ እዚሁ መጥቼ ነበር። ያን ጊዜ ውሃው ጥርግ ብሎ ወጥቶ፣ ጭቃው ፀሐይ ላይ እያብለጨለጨ፣ ወፎች ተሰማርተውበት አየሁና ወደድኩት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀደም ብዬ ልድረስ አልኩና ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተገኘሁ። ውሃው ግማሽ ላይ ነው። «እየወጣ ነው፤ 3 ሰዓት ሲሆን ባዶ ይሆናል» ብዬ ገባሁ። እየገባ ኖሯል።

ቡትሴን በሁለት እጄ ነቀልኩት። ከዚያ ባዶውን ጭቃ ትቼ ሣሩ ላይ ወጣሁ። የሣሩ ሥር እንደ ምንጣፍ የተጠላለፈ ስለሆነ ሰው ይሸከማል። በእሱ ላይ እየተንፏቀቅኩ ቦዩ ጋ ደረስኩና እስከ ወገቤ ተዘፍቄ ተሻገርኩ። እኔ ተረፍኩ፤ ስልኬ አልተረፈም።

እኔ በማርፈድ የታወቅኩ ሰው ነኝ። ጓደኞቼ ለ10 ሰዓት ቀጠሮ «9 ሰዓት ተኩል» ብለው ነው የሚነግሩኝ። ይህን ስለደረስኩበት 10 ሰዓት ተኩል እመጣለሁ። ቀድሜ የደረስኩበት ብቸኛ ቀን ልሰምጥበት ነበር።

ባሕሩም ያረፍዳል። በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ። ልዩነታችን እሱ ማርፈዱ በሰንጠረዥ ታትሞ መገኘቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ማዕበል ሌላ ነገር ነው፤ እሱ የነፋስ ሥራ ነው። ይኼኛው የጨረቃ ነው። በአማርኛ «ወንዙ ሞላ» እንደምንለው «ባሕሩ ሞላ፣ ባሕሩ ጎደለ» ብል የሚገባችሁ ይመስለኛል፤ ከዚህ በኋላ ሙላትና ጉድለት እያልኩ እቀጥላለሁ። ከአንዱ ሙላት እስከ ሚቀጥለው 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ነው። ጨረቃ መሬትን ስትዞር ወደፊት ስለምትሄድ፣ መሬት ደግሞ ዞራ ልትደርስባት በየቀኑ ተጨማሪ 50 ደቂቃ ያስፈልጋታል። 50 ደቂቃ በ7 ቀን 350 ደቂቃ ነው። 6 ሰዓት ሊሞላ 10 ደቂቃ የቀረው ማለት ነው። ከሙላት እስከ ጉድለት ያለው ጊዜም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ በአንዱ ቅዳሜ ደረቅ የነበረ ቦታ በሚቀጥለው ቅዳሜ በዚያው ሰዓት ውሃ ስር ነው። ሳምንት ጠብቆ በዚያው ሰዓት መሄድ፣ ለመሳሳት ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም።

ከዚያ ቀን በኋላ ሰንጠረዡን አትሜ ኪሴ ውስጥ ይዤ ዓመቱን ሙሉ ተመላለስኩ።

ቦታው ደላዌር ቤይ ይባላል። በአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ፣ የደላዌር ወንዝ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ጋር የሚገናኝበት ሰፊ የወንዝ አፍ ነው። ግራና ቀኙን ጨዋማ ረግረግ ይዞታል። ከሩቅ ሲታይ ሜዳ ይመስላል። ጠፍጣፋ፣ አረንጓዴ፣ አንድ ዓይነት ሣር። መጀመሪያ ሳየው «ይኼ ምን አለው?» ነው ያልኩት።

ሣሩ አንድ ዓይነት አለመሆኑን ለማወቅ ጎንበስ ማለት ይፈልጋል። ውሃው በየቀኑ የሚደርስበት ዳር ላይ ያለው ረጅምና ቀጥ ያለ ነው። ትንሽ ከፍ ሲል፣ ውሃው በወር ጥቂት ጊዜ ብቻ በሚጎበኘው ቦታ፣ ሌላ ዓይነት ሣር ይጀምራል። ቀጭን፣ ለስላሳ፣ ነፋስ ጠቅልሎ እንዳስተኛው ጸጉር። በሁለቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ብዙ ጊዜ ከአንድ ስንዝር አይበልጥም። እዚህ ቦታ ሁሉም ነገር በስንዝር ነው የሚለካው።

ከረጅሙ ሣር አንድ ቅጠል ቆርጬ ወደ ፀሐይ ያዝኩት። ላዩ ላይ እንደ ዱቄት የሚያብረቀርቅ ነገር አለ። ምላሴን አስነካሁት። ጨው ነው። ይህ ሣር ጨዋማ ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚኖረው ያልፈለገውን ጨው በቅጠሉ እያላበ ነው። ሥሩ ያለበት ጭቃ ደግሞ አየር የለውም። ስለዚህ ግንዱ ውስጥ ባለው ክፍተት ከላይ አየር እየሳበ ወደ ሥሩ ይልካል። በአፉ ቱቦ ይዞ ውሃ ስር እንደሚቀመጥ ሰው ማለት ነው።

ሽታውንም ልናገር። ጭቃው ሲረገጥ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። አየር በሌለበት የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከባሕሩ ውሃ ሰልፌት ወስደው የሚያወጡት ጋዝ ነው። መጀመሪያ አፍንጫዬን ያዝኩ። አሁን የመኪናዬን በር ስከፍት ካልሸተተኝ የመጣሁበት ቦታ የተሳሳተ ይመስለኛል። አየር ስለሌለ የሞተ ሥርም ቶሎ አይበሰብስም። በየዓመቱ ካርቦኑን እንደያዘ ላይ በላይ ይደራረባል። ስለዚህ ነው ስለ ካርቦን የሚጨነቁ ሰዎች እንዲህ ያለ ረግረግ የሚወዱት።

የዓመቱ ትልቁ ሌሊት ግንቦት ውስጥ ነው።

ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ወይም ጨርሳ ስትጠፋ ፀሐይና ጨረቃ በአንድ መስመር ይሰለፋሉ፤ ሙላቱም ከሌላው ጊዜ ከፍ ይላል። ያን ዕለት ማታ 3 ሰዓት ላይ ነበር ሙላቱ። ከረግረጉ ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ አሸዋ ላይ ቆሜያለሁ። መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ ነው። ድስት ከድስት ጋር ሲነካካ የሚሰማ ዓይነት። ባትሪዬን ሳበራ የውሃው ዳር እስከማየው ድረስ በቡናማ ጎድጓዳ ሳህኖች ተሞልቷል። ሳህኖቹ ይንቀሳቀሳሉ።

ሆርስሹ ክራብ ይሏቸዋል፤ ቅርጻቸው የፈረስ ኮቴ ስለሚመስል። ስማቸው ሸርጣን ቢሆንም ዝምድናቸው ለሸረሪትና ለጊንጥ ይቀርባል። ቅሪተ አካላቸው ወደ 445 ሚሊዮን ዓመት ይሄዳል። ዳይኖሰሮች ሲመጡ ነባር ነበሩ፤ ሲሄዱም ሸኝተዋቸዋል። እዚህ ዳርቻ ላይ የሚሰበሰቡት በዓለም ትልቁ ቁጥር ነው።

ሴቷ ትልቅ ናት። ወንዱ ትንሽ ነው፤ የቦክስ ጓንት በሚመስሉ የፊት እግሮቹ ከኋላዋ ይይዛታል። ሌሎች ወንዶች ደግሞ ዙሪያዋን ይከቧታል። እሷ ሁሉንም እየጎተተች ወደ አሸዋው ትወጣለች፣ ትቆፍራለች፣ በአንድ ጊዜ 4,000 ገደማ እንቁላል ትጥላለች። በአንድ ወቅት ይህን እየደጋገመች 80,000 ገደማ ልታደርስ ትችላለች። ለዚህ ለመድረስ ደግሞ 10 ዓመት ገደማ ማደግ ነበረባት።

አንዱ በሞገድ ተገልብጦ በጀርባው ተኝቶ ነበር። እግሮቹ አየር ላይ ይራወጣሉ። ከእግሮቹ በታች የሚተነፍስበት አካል አለ። ቀጫጭን ገጾች ናቸው፣ መጽሐፍ በነፋስ እንደሚገለጥ አንድ በአንድ ይገለጣሉ። ሹሉን ጭራውን አሸዋ ላይ ተክሎ ለመገልበጥ ይሞክራል፤ ያቅተዋል። ጭራውን ይዤ ላነሳው እጄን ስዘረጋ ከኋላዬ አንድ ድምፅ ሰማሁ።

«ልጄ፣ በጭራው አይነሳም።»

አንዲት አረጋዊት ናቸው። ግንባራቸው ላይ ቀይ መብራት አስረዋል፤ ውሃ የማያስገባ ሱሪ ለብሰዋል። በፈቃደኝነት ለብዙ ዓመታት ሲቆጥሯቸው እንደኖሩ በኋላ ነገሩኝ።

«ይወጋል እንዴ?»

«አይወጋም። ጭራው ይሰበርበታል። ከተሰበረ ደግሞ ሌላ ቀን ሲገለበጥ በምን ይነሳል? ጎኑን ያዝና አዙር።»

አዞርኩት። ከብዶኛል፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ከሥሩ ውሃ ይንጠባጠባል። እግሩ አሸዋ ሲነካ ቀጥ ብሎ ወደ ባሕሩ ሄደ። ዞር ብሎም አላየኝ። ሴትዮዋ ቀጣዩን እያዞሩ «የተገለበጠ ሆኖ ፀሐይ ከወጣችበት አለቀለት» አሉ። እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ አብሬያቸው ሳዞር ቆየሁ። ምን ያህል እንዳዞርኩ አላውቅም። እሳቸው ግን ይቆጥሩ ነበር።

የእነዚህ ፍጥረታት ደም ሰማያዊ ነው። የእኛ ደም ኦክስጅን የሚሸከመው በብረት ነው፤ የእነሱ በመዳብ። ባክቴሪያ የሚተወው መርዝ ሲነካው ይረጋል። በዚህ ጠባዩ የተነሳ ከ1970ዎቹ ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እ.ኤ.አ. ነው) ክትባትና በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ንጹሕ መሆኑ በዚህ ደም ሲመረመር ኖሯል። መርፌ ተወግታችሁ የምታውቁ ከሆነ ውለታ አለባችሁ። ደሙ ተቀድቶ ወደ ባሕር ይመለሳሉ፤ የማይተርፉም አሉ። ዛሬ በላቦራቶሪ የሚሠራ ምትክ አለ። ምትክ እያለ ደም መቅዳቱ መቀጠሉ አይዋጥልኝም።

ጠዋት ተመልሼ ስመጣ አሸዋው ሌላ ሆኗል። በወፍ ተሸፍኗል። ሁሉም አቀርቅሮ ይለቅማል። እንቁላሎቹ የስፌት መርፌ ራስ ያህል ናቸው፣ አረንጓዴ ቢጤ። ወፎቹ ጥልቅ የተቀበረውን አይደርሱበትም። የሚበሉት በሚቀጥለው ሌሊት የመጣች ሌላ ሴት ስትቆፍር ገልብጣ ያወጣችውን ነው። ስለዚህ ለወፎቹ እንዲተርፍ ሆርስሹ ክራቦቹ መብዛት አለባቸው። ጥቂት ከሆኑ የአንዷን ጎጆ የሚገለብጥ አይኖርም።

ከወፎቹ መካከል ደረቱ የጡብ ቀለም ያለው አንድ አለ። ሬድ ኖት ይባላል። ክንፉ ሲዘረጋ ግማሽ ሜትር ገደማ ነው። ከደቡብ አሜሪካ ጫፍ ተነስቶ አርክቲክ ድረስ ይሄዳል፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ 15,000 ኪሎ ሜትር ገደማ። እዚህ ሲደርስ አጥንትና ላባ ነው፣ ክብደቱ 120 ግራም ቢሞላ ነው። ሁለት ሳምንት ብቻ አለው። በሁለት ሳምንት 180 ግራም መድረስ አለበት። አርክቲክ ሲደርስ በረዶ ገና ስላልቀለጠ የሚበላ ነገር የለም፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት የሚኖረው ከዚህ በያዘው ስብ ነው። ካረፈደ የሚበላው እንቁላል አልቆ ይጠብቀዋል። ከቀደመም ሆርስሹ ክራቦቹ ገና አልወጡም።

ከእነዚህ ወፎች አንዱ እግሩ ላይ «ቢ95» የሚል ምልክት ነበረው። በ1995 አርጀንቲና ውስጥ ነው የታሰረለት። ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ2014 ነው። ሰዎች በሕይወቱ የበረረው ርቀት ጨረቃ ደርሶ መመለሻውን አጋምሷል ብለው አሰሉለትና «የጨረቃ ወፍ» አሉት። ያን ያህል ዓመት ሁለት ሳምንቷን አላሳተም ማለት ነው። እኔ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮዬን ሦስት ጊዜ አሳልፌያለሁ።

ታሪኩ ሁሉ ግን የጨረቃ ወፍ አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሆርስሹ ክራብ ለአሣ ማጥመጃ ማባበያ ሲባል በዓመት ከ2 ሚሊዮን በላይ ይለቀም ነበር። በ1980ዎቹ እዚህ ከ90,000 በላይ የተቆጠረው ሬድ ኖት በ2021 ከ7,000 በታች ሆኖ ተገኘ። ኒው ጀርሲ በ2008 ለቀማውን አገደች። ወፉም በ2014 በአገሪቱ ሕግ ስጋት ላይ ካሉት ተርታ ተመዘገበ። የሚታገድ ነገር ሁልጊዜ የሚታገደው ቆጣሪዎች ሲደነግጡ ነው። አሮጊቷ ስንት ሌሊት ቆመው እንደቆጠሩ አስቡት።

ሰኔ ላይ ወደ ከፍተኛው ሣር ሄድኩ። ለስላሳው ሣር የተኛበት ማለቴ ነው። እዚያ ውስጥ ጎጆዋን የምትሠራ ድንቢጥ አለች። ይህችን ወፍ ከጨዋማ ረግረግ ውጭ አታገኟትም። ጎጆዋ ከመሬት በጥቂት ጣት ብቻ ከፍ ይላል። ከዚያ በላይ ከሰቀለችው የሚያድን እንስሳ ያየዋል። ከዚያ በታች ካደረገችው ሙላቱ ይወስደዋል። ከመጀመሪያው እንቁላል እስከ ጫጩቶቹ መልቀቅ 3 ሳምንት ተኩል ገደማ ይፈጅባታል። በየሁለት ሳምንቱ ከሚመጡት ትልልቅ ሙላቶች ጎጆዋን የሚያሰጥመው ከሁሉ የላቀው ነው፤ እሱ ደግሞ በ4 ሳምንት አንዴ ገደማ ነው የሚመጣው። ትርፏ ጥቂት ቀናት ብቻ ናት። ጎጆዋን ውሃ ከወሰደባት ወዲያው ሌላ ትጀምራለች፤ ያኔ ከጀመረች ሰዓቱ ይገጥምላታል። ይህን ሁሉ የምትሠራው ብቻዋን ነው። ወንዱ አንድ ትል እንኳ አምጥቶ አያውቅም። በአንድ ጎጆ ያሉ ጫጩቶች አባትም ብዙ ጊዜ አንድ አይደለም። ሐሜት አይሁንብኝ፤ በደም ምርመራ የተረጋገጠ ነው።

በሩቅ መነጽር አንድ ጎጆ ላይ የምትመላለስ አንዷን ለአንድ ሰዓት ያህል አየሁ። አልተጠጋሁም። ከጥቂት ቀን በኋላ ትልቁ ሙላት መጣ። ያን ሌሊት እቤቴ ተኝቼ መብራት አብርቼ ሰንጠረዡን አየሁት። እንዲህ ያለ ነገር አድርጌ አላውቅም ነበር።

በዚያው ሙላት ሌላው ተቃራኒውን ይሠራል። ጣት የምታክል አሣ አለች፣ ማሚቾግ ይሏታል። ትልቁ ሙላት ሲያነሳት ወደ ሣሩ ትገባና እንቁላሏን ባዶ ዛጎል ውስጥ ወይም የቅጠል ሥር ላይ ትለጥፋለች። ውሃው ሲመለስ እንቁላሉ አየር ላይ ይቀራል። አሣ ነው እንግዲህ፣ አየር ላይ። ሁለት ሳምንት ያህል እንዲሁ ያድጋል። ቀጣዩ ትልቅ ሙላት መጥቶ ሲነካው ይፈለፈላል። ድንቢጧን የሚያሰጥመው ውሃ ለአሣዋ አዋላጅ ነው። በነገራችን ላይ ወደ ጠፈር የሄደ የመጀመሪያው አሣ የዚህች ዘር ነው፤ በ1973 ስካይላብ በተባለው የአሜሪካ የጠፈር ጣቢያ ላይ።

ኤሊዎቹም በሰኔ ነው የሚወጡት። ቴራፒን የሚባለው ኤሊ ንጹሕ ውሃም ጨዋማም ባልሆነው መካከል የሚኖር ነው። ሴቶቹ እንቁላል ለመጣል ደረቅ አሸዋ ሲፈልጉ አስፋልት ያቋርጣሉ። አንዷን አንስቼ አሻገርኳት። ስትሄድበት ወደነበረው አቅጣጫ መሆን አለበት፤ ወደ ኋላ ከመለሷት እንደገና ትሞክራለች። አሸዋው ከሞቀ ሴት ይፈለፈላል፣ ቀዝቀዝ ካለ ወንድ።

ስለ ሐምሌ ብዙ መናገር አልፈልግም። አረንጓዴ ዓይን ያለው ዝንብ አለ። ይነክሳል ማለት ያንሰዋል፤ ይቆርሳል። እጭ ሆኖ ጭቃው ውስጥ ነው የሚያድገው። የምትነክሰው ሴቷ ናት። የመጀመሪያ እንቁላሏን ያለ ደም ትጥላለች፤ ለሁለተኛው ግን ደም ያስፈልጋታል። ለሁለተኛው የተመረጥኩት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ከመኪና ወርጄ 40 እርምጃ ያህል ሄጄ ሮጬ ተመለስኩ።

ከነፋሱ ጎን ቆሞ ማየት በሚቻልበት ቀን ግን ጭቃው ዳር ላይ ጨዋታ አለ። አውራ ጣት የሚያክሉ ሸርጣኖች በመቶ የሚቆጠር ጉድጓድ ቆፍረዋል። የወንዱ አንድ ክንድ የገዛ ገላውን ያክላል። ያን ክንድ ወደ ላይ አንስቶ ወደ ራሱ ይመልሳል፣ እንደገና ያነሳል። እንግሊዞቹ የክር መሣሪያ የሚመታ ሰው መስሎ ስለታያቸው ፊድለር አሉት። እኔ አዝማሪ ብዬዋለሁ፤ ማሲንቆውን እየሳበ በሩ ላይ ቆሞ ሴት የሚጠራ። ትልቁ ክንድ ለመብላት አይረዳውም። በትንሹ ብቻ ጭቃ እየቆነጠረ ወደ አፉ ያደርሳል፤ ሴቷ በሁለት እጇ ስትበላ እሱ በአንድ እጁ ይቸገራል። የሚበላውን ከጭቃው ለይቶ የቀረውን በትንንሽ ኳስ አድርጎ ይተፋል። ሙላቱ ሲቃረብ እያንዳንዱ ወደ ጉድጓዱ ይገባና ከውስጥ በጭቃ ይደፍነዋል። የደፈነውን አንዱን ከቅርብ አየሁት። ሸርጣኑ ከታች ጭቃውን ሲገፋ፣ ከላይ ክዳኑ ሁለት ጊዜ ተንቀጠቀጠና ጸጥ አለ። ከዚያ ውሃው መጣበት።

መስከረም ላይ ረግረጉ ይቀላል። ከጉልበት በታች የምትቀር ቅጠል አልባ ተክል አለች፤ በጋውን ሁሉ አረንጓዴ ሆና ማንም አያያትም። አየሩ መቀዝቀዝ ሲጀምር ደም ትመስላለች። ዳር ዳሩን ቢጫ አበባ ሲፈነዳ ደግሞ ሞናርክ የሚባሉት ብርቱካናማ ቢራቢሮዎች ወደ ሜክሲኮ ሲወርዱ ያርፉበታል። በዚያው ሰሞን፣ በጨለማ ሌሊት፣ ለዓመታት ወንዝ ውስጥ የኖሩ ትልልቅ ኢሎች በዚህ አልፈው አትላንቲክ ውስጥ ወዳለው ሳርጋሶ ባሕር ይሄዳሉ። ኢል እንደ እባብ የረዘመ አሣ ነው። እዚያ ይራባሉ፣ እዚያ ይሞታሉ። ይህን አላየሁም። ሲያልፉ ማየት የሚችል ሰው ዕድለኛ ነው።

ጥር ላይ ሰው የለም። ነፋሱ ፊት ይገርፋል። ሣሩ ገለባ ሆኗል። ባዶ ይመስላል። ነገር ግን ጭቃው ውስጥ ያለውን ማሰብ ነው። አዝማሪዎቹ በደፈኑት ጉድጓዳቸው ውስጥ ናቸው። ኤሊዎቹ የቦዩ ወለል ላይ ተቀብረው ሳይተነፍሱ ማለት ይቻላል ወራት ያሳልፋሉ። ማሚቾግም ጭቃ ገብታለች። በቡትሴ ስረግጥ ስንት ጣራ ላይ እንደምሄድ ነው የሚሰማኝ።

ከላይ ደግሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነጫጭ ዝዮች አሉ። ከአርክቲክ ወርደው ሣሩን ከሥሩ ነቅለው ይበላሉ፤ ባለፉበት ጭቃ ብቻ ይቀራል። በረዶ ሲመጣ ደግሞ የረግረጉን ቁራጭ ከነሥሩ ያቅፍና ሙላቱ ሲያነሳው ተሸክሞት ሌላ ቦታ ያስቀምጠዋል። አንድ ቀን ጠረጴዛ የሚያክል የሣር ቁራጭ ከወንድሞቹ ተነጥሎ ባዶ ጭቃ መሐል ተቀምጦ አገኘሁ። በጸደይ አየሁት፤ አቆጥቁጧል።

ከረግረጉ ጀርባ የቆመ ደረቅ ደን አለ። ዛፎቹ ነጭ ሆነዋል፣ ቅርፊትም የላቸውም። ጨዋማ ውሃ ሥራቸው ደርሶ ነው የገደላቸው። የመናፍስት ደን ይሉታል። መጀመሪያ ሳየው አዘንኩ። አሁን ሁለት ሆኖብኛል። ባሕሩ በዓለም ዙሪያ በዓመት 4 ሚሊሜትር ገደማ ከፍ እያለ ነው፤ እዚህ ደግሞ መሬቱ ራሱ ዝቅ ስለሚል ይብሳል። ረግረጉ ሞኝ አይደለም። ሙላቱ ይዞት የሚመጣውን ደለል በሣሩ እያጣራ ራሱን ያሳድጋል። ማደጉ ካልበቃው ወደ ኋላ፣ ወደ የብስ ይሸሻል። የሞተው ደን የሚሸሽበት መንገድ ነው። ሣሩ በሞቱት ዛፎች መካከል ገብቶ አይቻለሁ። ችግሩ ከኋላው ደን ሳይሆን አስፋልት ወይም ግንብ ያለበት ቦታ ላይ ነው። እዚያ መሸሻ የለም። ድንቢጧም ትርፍ ቀኖቿን የምታጣው እዚያ ነው።

መጋቢት ላይ ኦስፕሬይ የተባለው አሣ አዳኝ ንስር ከደቡብ አሜሪካ ተመልሶ ያው እንጨት ላይ ጎጆውን ሲጠግን አገኘሁት። ዲዲቲ የእንቁላሉን ቅርፊት አቅጥኖት ሊጠፋ የነበረ ወፍ ነው፤ መርዙ በአሜሪካ በ1972 ከታገደ በኋላ አገግሟል። በዚያው ወር ከሳርጋሶ ባሕር የመጡ የኢል ግልገሎች ይገባሉ። እንደ ብርጭቆ ናቸው፤ ከዓይናቸው በቀር ሌላው ገላቸው ወዲያ ማዶ ያሳያል። ዋናተኛ አይደሉም። ሙላቱ ወደ ውስጥ ሲገባ ተነስተው ይሳፈራሉ። ሲመለስ ወለሉ ላይ ተኝተው ይጠብቃሉ። እንዲህ እያሉ ወንዙ ጋ ይደርሳሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ቡትሴ የቀረችበት ቦይ ጋ ሄድኩ። ሰንጠረዡን አይቼ ነው የሄድኩት፣ ሰዓት አለኝ። ሣሩ ሥር ቁጢጥ ብዬ አንድ ቀንድ አውጣ እያየሁ ነበር። መጠኑም መልኩም የቡና ፍሬ ነው፤ ከቡና ጋር ቀላቅላችሁ ብትሰጡኝ እቆላው ነበር። ባሕር ዳር ይኑር እንጂ የሚተነፍሰው አየር ነው። ውሃ ውስጥ ብዙ መቆየት አይችልም።

ውሃው ገና አልደረሰም። ቢያንስ ሦስት እርምጃ ይቀረዋል። ቀንድ አውጣው ግን ከጭቃው ተነስቶ አንድ የሣር አገዳ ይዞ መውጣት ጀመረ። ቀጥሎ አጠገቡ ያለው። ከዚያ ዙሪያዬን ሳይ በየአገዳው ላይ አንድ አንድ፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ ወደ ላይ ይሄዳሉ።

ሰዓቴን አየሁ። ቦርሳዬን አንስቼ ቦዩን በቁርጭምጭሚት ተሻገርኩ።